የሜዳው ጾም፦ በመንዝ ጓሳ መታቀብ እንደ ምግባር

አለማድረግ ከምግባር ይቆጠራል ወይ የሚለው ጥያቄ በሥነ ምግባር ፍልስፍናም ሆነ በነገረ መለኮት ትምህርት ውስጥ የቆየ ጥያቄ ነው። ሰው ለተራበ እንጀራ ሲሰጥ፣ የታመመ ሲጠይቅ ወይም ችግኝ ሲተክል ሥራው ስለሚታይ ለመመስከርም ለማመስገንም አያስቸግርም፤ ማጨድ የሚችለውን ሣር ሳያጭድ፣ መቁረጥ የሚችለውን ዛፍ ሳይቆርጥ ያለፈ ሰው ግን ከኋላው የሚተወው ነገር እርሱ ከመምጣቱ በፊት ከነበረው ስለማይለይ፣ ምግባሩን የሚመሰክርለት ምልክት የለውም። ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው በሰሜን ሸዋ፣ ከመንዝና ከቀየት እስከ ግሼና መርሐቤቴ በሚዘልቀው ደገኛ አገር፣ በጓሳ ሜዳ ላይ ለብዙ ትውልድ ከኖረው የአገር በቀል ዕፅዋት አጠባበቅ አንጻር ሲሆን፣ የሚከራከርለትም አሳብ የጓሳ አጠባበቅ በውስጣዊ አሠራሩ ጾም ነበር፤ ያውም በግል ፈቃድ የሚጾም ሳይሆን በአዋጅ የሚጾም ጾም ነበር የሚል ነው።

ጓሳ በመጀመሪያ የሣር ስም ሲሆን፣ ሜዳው የተጠራው በሣሩ ነው። ሣሩ የዕፅዋት ተመራማሪዎች ፌስቱካ በሚሉት ወገን የሚመደብ፣ በየዓመቱ ከዘር ሳይሆን ከቆየ ሥሩ የሚያቆጠቁጥ፣ ቅጠሉ ረጅምና ጠንካራ የሆነ፣ ጉብ ጉብ ብሎ የሚያድግ ሣር ነው። የሚበቅልበት ሜዳ በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር በሚደርስ ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በአስተዳደር በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ የሚገኝ ውርጫም ደጋ ሲሆን፣ ከላዩ የሚወርደው ውኃ በአንድ ወገን ወደ ዓባይ፣ በሌላው ወገን ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። በዚህ ከፍታ የሌሊቱ ቅዝቃዜ ብርቱ ስለሆነ የዕፅዋት እድገት ዘገምተኛ ነው፤ አንድ ጊዜ የታጨደ ጓሳ ለቤት ክዳን የሚበቃ ርዝመትና ጥንካሬ እንደገና እስኪያገኝ ዓመታት ይፈጃል፤ ከዚህ በታች ለሚመጣው ክርክር ሁሉ መሠረቱም ይኸው የዓመታት መጠበቅ ነው። በሣሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድና ጅራፍ ይሠራል፣ ለክረምቱ ዝናብም ገሳ፣ ማለትም እረኛና ገበሬ በትከሻቸው ላይ የሚደርቡት የሣር ካባ፣ ይበጃል። ከጓሳው ጋር አስታ፣ ጅብራና ሌሎች የውርጭ አገር ዕፅዋት አብረው ይበቅላሉ፤ በሣሩ መካከል የሚኖሩት አይጦችና ፍልፈሎች ደግሞ የቀይ ቀበሮ ምግብ ናቸው፤ ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም የማይገኝ፣ በመላው አገሪቱም ጥቂት መቶ ብቻ የቀረ አውሬ ነው።

ሜዳውን ያቆየው ሥርዓት ቄሮ ይባላል፤ ሥርዓቱን በጥልቀት ካጠኑት መካከል ዘለዓለም ተፈራ እ.ኤ.አ. በ2001 በእንግሊዝ አገር በኬንት ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ዋነኛው ነው። በአካባቢው ትውፊት መሠረት ቄሮ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጀመር መሥራቾቹ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚ አባቶች፣ ማለትም አገሩን መጀመሪያ ያቀኑ የትውልድ ራሶች ነበሩ። ሜዳው በሁለቱ ስም ለሁለት ተከፍሎ፣ ከእነርሱ ዘሩን ቆጥሮ አጽመ ርስት፣ ማለትም በትውልድ የሚወረስ የመሬት መብት ያለው ሰው ሁሉ ተጠቃሚ ነበር፤ እያንዳንዱ ወገንም አባ ቄራ የሚባል አለቃ ይመርጣል። አባ ቄራው ሜዳው የሚዘጋበትንና የሚከፈትበትን ጊዜ ይወስናል፣ ተጠቃሚዎችን በተራ ዘብ ያቆማል፣ ተላላፊውን ያስቀጣል። ሜዳው በተዘጋበት ዘመን ማጨድም፣ ከብት ማሰማራትም፣ እንጨት መልቀምም ክልክል ነው፤ ዘመኑ በሣሩ እድገት እየተለካ ብዙውን ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይቆይ ነበር። ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በቀብር ሥርዓት ላይ ይነገራል፤ አጨዳው በበጋው ጥግ፣ በየካቲት ወይም በመጋቢት ይሆናል፤ ከአጨዳው በኋላ ከብት ይገባል፤ ክረምቱ ሲገባም ሐምሌ 5 ቀን፣ ሕዝቡ ሐምሌ አቦ በሚለው በዓል፣ ሁሉም ከሜዳው ይወጣና ጓሳው ተመልሶ ይዘጋል።

ሐምሌ 5 ቀን በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የቅዱሳን ጴጥሮስና ጳውሎስ መታሰቢያና ከጰራቅሊጦስ ማግስት የሚጀመረው የሐዋርያት ጾም፣ በተለምዶ የሰኔ ጾም የሚባለው፣ የሚፈሰክበት ዕለት ነው። እንግዲህ የመንዝ ሰው ከጾሙ በሚወጣበት ቀን ሜዳው ወደ ጾሙ ይገባል፤ ሜዳው በሚከፈትበት በየካቲትና በመጋቢት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሰዉ ዐቢይ ጾምን ይዞ ይገኛል። ይህ መገጣጠም ከቀን መቁጠሪያ ምቹነት የመነጨ ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም፤ ጽሕፈት ባልተስፋፋበት አገር ሁሉም ሰው ያለ ክርክር የሚያውቀው ቀን የበዓል ቀን ነው፤ የክረምቱ ዝናብም ሣሩ የሚያቆጠቁጥበት፣ የከብቱ ኮቴ ርጥቡን አፈር የሚጎዳበት ወቅት ነው። ነገር ግን በዓመት ብዙ ጾም የሚጾምና ስለ መታቀብ የተማረውን ሁሉ በጾም የተማረ ሕዝብ፣ ሜዳውን ለመጠበቅ ሕግ ባወጣ ጊዜ ያንኑ የለመደውን የአእምሮ ቅርጽ መጠቀሙ የሚጠበቅ ነው፤ ተግባራዊው ምክንያትና መንፈሳዊው ልማድ እርስ በርስ የሚሻሩ አይደሉም።

በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግብጽ በአረብኛ ተሰናድቶ በኋላ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገርበት አንቀጽ፣ ጾም ማለት ሰው በሕግ በታወቀ ጊዜ ከመብል መከልከሉ እንደሆነ፣ ዓላማውም የሥጋ ፈቃድ ለምታስተውለው ነፍስ እንዲታዘዝ ማድረግ እንደሆነ ያስረዳል። በዚህ ትርጓሜ ውስጥ ለተያዘው ጉዳይ የሚጠቅሙ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የሚጾመው ነገር በራሱ መጥፎ አለመሆኑ ነው፤ ከስርቆት የተከለከለ ሰው ጾመ አይባልም፤ ጾመኛ የሚባለው ሥጋና ወተት የተፈቀደለት፣ መልካም መሆናቸውንም የሚመሰክር ሆኖ የተወ ሰው ነው። የመንዝ ባለ ርስትም ጓሳውን የተወው የራሱ ስለሆነና መልካም ስለሆነ እንጂ የሌላ ወይም ርኩስ ስለሆነ አይደለም። ሁለተኛው ጾም መጨረሻ ያለው መሆኑ ነው፤ ፋሲካ የሌለው ጾም በቤተ ክርስቲያን አይታወቅም፤ ቄሮም መዝጋት ብቻ ሳይሆን መክፈትም ነበር፤ መታጨዱም እንደ መጠበቁ ሁሉ የሥርዓቱ አካል ነበር። ሦስተኛውና በዚህ ጽሑፍ አስተያየት ዋነኛው፣ የጾሙን ጊዜ የሚወስነው ግለሰቡ ሳይሆን ሕጉ መሆኑ ነው።

ቤተ ክርስቲያን የፈቃድ ጾምንና የአዋጅ ጾምን ትለያለች። የፈቃድ ጾም አንድ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ተመካክሮ ወይም በራሱ ስእለት የሚይዘው ሲሆን፣ የአዋጅ ጾም ግን ለምእመናን ሁሉ የታወጀ፣ ሁሉም በአንድነት የሚገቡበትና የሚወጡበት ነው። በምግብ ረገድ አንድ ሰው ብቻውን ቢጾም ጾሙ ሙሉ ነው፤ ጎረቤቱ መብላቱ የእርሱን ጾም አያፈርስም። በጋራ ሜዳ ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ አንድ ሰው ለብቻው ጓሳውን ላለማጨድ ቢወስን፣ የተወውን ሣር ጎረቤቱ በማግሥቱ ያጭደዋል፤ መታቀቡ ሜዳውን አያድንም፤ እርሱን ብቻ ያደኸየዋል። አሜሪካዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው የታወቀ ጽሑፍ ለሁሉ ክፍት የሆነ ግጦሽ መጥፋቱ አይቀርም ያለው በዚህ ምክንያት ነበር፤ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት ሲጨምር ትርፉ የራሱ፣ ጉዳቱ ግን የሁሉም ስለሚሆን መጨመሩን የሚተው የለም። የፖለቲካ ሳይንስ ምሁሯ ኤሊኖር ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ1990 በመጽሐፋቸው ለዚህ የሰጡት መልስ፣ ሃርዲን የገለጸው ባለቤት የሌለውን መሬት እንጂ ማኅበር ሕግ ያወጣለትን መሬት አይደለም የሚል ነው፤ ከምሳሌዎቻቸውም አንዱ በስዊዘርላንድ ተራሮች ላይ ያለችው የቶርበል መንደር ስትሆን፣ መንደርተኞቹ እ.ኤ.አ. ከ1517 ጀምሮ ማንም ሰው በክረምት መቀለብ ከሚችለው በላይ ላም ወደ ተራራው ግጦሽ እንዳያወጣ ደንግገው ሜዳቸውን ጠብቀዋል። ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኖቤል የኤኮኖሚክስ ሽልማትን ያገኙበት ይህ ትምህርት የመንዝ ሽማግሌዎች ከመቶ ዓመታት በፊት በተግባር ያወቁት ነገር ነው። በነገረ መለኮት ቋንቋ ሲነገር፣ የጋራ የሆነን ፍጥረት በፈቃድ ጾም መጠበቅ አይቻልም፤ የአዋጅ ጾም ያሻዋል።

ከዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ በቅጣት ፍርሃት የተደረገ መታቀብ እንዴት ምግባር ይባላል? የቄሮ ቅጣት ቀላል አልነበረም፤ በተዘጋ ዘመን በታጨደ ጓሳ የተከደነ ቤት እስከ መቃጠል ይደርስ እንደነበር ይነገራል። ሰው በዘብና በእሳት ተከቦ ባያጭድ፣ ያላጨደው ሜዳውን ስላከበረ ሳይሆን ቤቱን ስለወደደ ነው ሊባል ይችላል። ይህ ተቃውሞ ግን ዘቡና ተላላፊው ሁለት የተለያዩ ሰዎች እንደሆኑ አድርጎ ስለሚያስብ ነገሩን ከግማሹ ብቻ ያየዋል። በቄሮ ዘብ የሚቆመው ከሌላ አገር የመጣ ጭፍራ ሳይሆን፣ ቤቱ የሚያፈስ፣ ጓሳውን የሚመኝ፣ ተራው ሲያልፍ ራሱ በሌላ ሰው የሚጠበቅ ባለ ርስት ነው፤ አባ ቄራውም ተመርጦ የሚሾም፣ መራጮቹ የማይፈልጉት ጊዜ የሚሻር ነው። ስለዚህ ምግባሩን መፈለግ የሚገባው አጨዳው በተከለከለበት ሌሊት ሳይሆን፣ ሕጉን በራሳቸው ላይ ለማውጣት በተስማሙበት ስብሰባ ነው፤ ሰው ነገ እንደሚደክም ያውቃልና ዛሬ በረታ ባለ ጊዜ ድካሙን የሚያግድ አጥር በራሱ ዙሪያ ያጥራል። የአዋጅ ጾምም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ጾሙ ግዴታ መሆኑ የጾመኛውን ትሩፋት አያጠፋም፤ ግዴታውን የተቀበለበት ልብ ይመዘናል እንጂ።

የመታቀቡን ነገር ከመጽሐፍ ቅዱስ ጋር የሚያያይዘው ሌላው መንገድ ሰንበት ነው። በኦሪት ዘሌዋውያን 25ኛ ምዕራፍ ምድሪቱ ራሷ በየሰባተኛው ዓመት እንድታርፍ፣ እንዳትዘራና እንዳትታጨድ ታዝዟል፤ በኦሪት ዘጸአት 23ኛ ምዕራፍ ደግሞ ባረፈው እርሻ ላይ ከሚበቅለው ድኾች እንዲበሉ፣ ከእነርሱ የተረፈውንም የምድር አራዊት እንዲበሉት ተነግሯል። ዕረፍት ለሰው ብቻ የተሰጠ ስጦታ ሳይሆን የአፈርም መብት ነው ማለት ነው። የሰንበት ጥያቄ በዚህ አገር የመጻሕፍት ጥያቄ ብቻ ሆኖ አልቀረም፤ የአባ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቀዳሚት ሰንበት ከእሑድ ጋር ትከበር በማለት ለመቶ ዓመት ያህል ከተከራከሩ በኋላ፣ ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጉባኤ ጠርተው እ.ኤ.አ. በ1450 ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ የተወሰነው በደብረ ምጥማቅ፣ በተጉለት፣ ከመንዝ ደጋ እምብዛም በማይርቅ አገር ነበር። ጓሳን ከሁለት ምዕተ ዓመት በኋላ የዘጉት አባቶች ያንን ጉባኤ እያሰቡ ዘጉት ለማለት የሚያስደፍር ማስረጃ ባይኖርም፣ በበዓላት ቀን እርሻ መንካትን በሚከለክል፣ የዕረፍትን ነገር እስከ ጉባኤ ድረስ ወስዶ በተሟገተ ማኅበረሰብ ውስጥ ሜዳ ያርፋል ብሎ ማሰብ እንግዳ አሳብ አልነበረም።

በዚሁ አገር ስም የሚታወቅ ፍልስፍናዊ ጽሑፍ በዚህ ላይ ተቃውሞ ያቀርባል። ደራሲው ማን እንደሆነ በሊቃውንት ዘንድ እስከ ዛሬ የሚያከራክረው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ፣ ምንኵስና ከጋብቻ ይበልጣል የሚለውን ትምህርት ሲነቅፍ፣ ፈጣሪ በተፈጥሮ ሥርዓት የሰጠውን ነገር ሰው ባወጣው ሕግ መከልከል የፈጣሪን ጥበብ ማቃለል ነው ይላል። ክርክሩ ወደ ሜዳው ቢመለስ፣ ሣር የተፈጠረው ለከብትና ለክዳን ከሆነ ከዝናብ በታች ለዓመታት መተዉ ስጦታውን አለመቀበል ነው የሚል ይሆናል። ለዘላቂ ድንግልና የቀረበው ይህ ተቃውሞ ለራሱ ጉዳይ የሚኖረው ክብደት ምንም ይሁን ምን፣ ቄሮን ግን አይነካውም፤ ቄሮ ስጦታውን ለዘለዓለም የሚመልስ ሳይሆን፣ ስጦታው ስጦታ ሆኖ የሚቀጥልበትን የተፈጥሮ ጊዜ የሚጠብቅ ነው። ጓሳ ሳይበስል ቢታጨድ ክዳንም አይሆንም፣ ሥሩም ይደክማል፤ ስለዚህ የተፈጥሮን ሥርዓት የሚያፈርሰው ጠባቂው ሳይሆን ቸኳዩ ነው።

ይህ መልስ ጓሳን ይጠብቅ እንጂ ጅብራን አይጠብቅም፤ ነገሩ ይበልጥ የሚከብደውም ከዚህ ላይ ነው። ጅብራ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነ፣ በውርጭ መካከል ለብዙ ዓመታት በዝግታ የሚያድግ፣ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት በላይ የሚወጣ አበባ አቁሞ፣ ዘሩን በትኖ የሚሞት ዕፅ ነው። ለሰው ይህን ያህል ጥቅም የለውም። ለአገር በቀል ዕፅዋት የሚቆረቆሩ ሰዎች በዚህ ጊዜ የሚሰጡት የተለመደ መልስ ያልታወቀ ጥቅም ሊኖረው ይችላል የሚል ሲሆን፣ ለዚህም እንዶድ ጥሩ ምስክር ነው፤ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበት ይህ ተራ ቁጥቋጦ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ የሆኑትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በዓድዋ ያስተዋሉት ልብስ ከሚታጠብበት ቦታ በታች የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች አይተው ነበር። መልሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ብልኅነት እንጂ አክብሮት አይደለም፤ ጥቅም እንደሌለው በምርምር ቢረጋገጥስ ጅብራው ይቆረጥ ማለት ነው?

ቅዱሳት መጻሕፍት በዚህ ላይ ከሚጠበቀው በላይ ግልጽ ናቸው። በመጽሐፈ ኢዮብ 38ኛ ምዕራፍ እግዚአብሔር ኢዮብን ሲጠይቀው ከሚጠቅሳቸው ሥራዎች አንዱ ሰው በሌለበት ምድረ በዳ ላይ ዝናብ ማውረዱና ለምለም ሣር ማብቀሉ ነው፤ ያ ሣር ማንም አያጭደውም፣ ማንም አያየውም፣ እግዚአብሔር ግን ያጠጣዋል። በመዝሙረ ዳዊት 103ኛው መዝሙርም ረጃጅሞቹ ተራሮች ለዋልያዎች፣ ዓለቶቹ ለሽኮኮዎች መጠጊያ እንደሆኑ ሲነገር ሰው ከፍጥረታት መካከል እንደ አንዱ እንጂ የሁሉም ምክንያት ሆኖ አይቀርብም። አሜሪካዊው የታሪክ ሊቅ ሊን ኋይት እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ጽሑፍ የተፈጥሮ መጎሳቆል ሥሩ ሰው ፍጥረትን ይግዛ በሚለው በኦሪት ዘፍጥረት 1ኛ ምዕራፍ አተረጓጎም ነው ብሎ የምዕራቡን ክርስትና መክሰሱ ይታወቃል፤ ክሱ ለምዕራቡ ዓለም ታሪክ የቱንም ያህል ቢሠራ፣ በሁለተኛው ምዕራፍ አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲሠራትና እንዲጠብቃት መሆኑ ከተጻፈበት ቃል ጋር አብሮ መነበብ አለበት። የጓሳ ዘብም የሚቆመው በዚሁ ጠባቂነት ነው፤ ጅብራው የተረፈው ራሱ ተፈልጎ ሳይሆን ጓሳው ሲዘጋ አብሮ ስለተዘጋ ነው፤ ቀይ ቀበሮውም እንደዚሁ። መታቀብ ከመትከል የሚበልጥበት አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ የሚተክል ሰው የሚያውቀውንና የሚወደውን ይተክላል፤ የሚተው ሰው ግን የማያውቀውንም ጭምር ይጠብቃል።

በኢትዮጵያ የአገር በቀል ዕፅዋት ጥበቃ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ወይራው፣ ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው ከዙሪያው አገር ጠፍቶ በደብሩ ዙሪያ ብቻ በመቅረቱ፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የጥንቱ ደን ምን ይመስል እንደነበር ለማወቅ ተመራማሪዎች የሚሄዱት ወደ አብያተ ክርስቲያናት ነው። ነገር ግን ቅጥሩና ሜዳው የሚጠብቁበት መንገድ ይለያያል። በቅጥሩ ውስጥ ያለው ዛፍ የሚከበረው ስለ ታቦቱ ነው፤ ክልከላው በቦታ የተወሰነ፣ በጊዜ ግን ወሰን የሌለው ነው፤ ከቅጥሩ ውጭ ያለው ዛፍ በዚህ ክብር አይጠለልም። ጓሳ ግን ታቦት ያልቆመበት፣ ከብት የሚግጥበት፣ ማጭድ የሚገባበት ተራ መሬት ሆኖ ሳለ በጊዜ ተከብሯል። የመጀመሪያው ለሰው ያልሆነን ቦታ ይለያል፤ ሁለተኛው ለሰው የሆነውን ቦታ ለተወሰነ ዘመን ከሰው ያሳርፋል። ቅጥሩ የተቀደሰ ሥራ ሠርቷል፤ ሆኖም ሰዎች በሚኖሩበትና በሚያርሱበት ሰፊ አገር ላይ ዕፅዋትን ለማኖር ከቅጥሩ ይልቅ የሜዳው ትምህርት የሚበልጥ ይመስላል።

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ግን አንድ ትልቅ በደል ሸሽጎ ሊያልፍ አይገባም። ቄሮ የባለ ርስቶች ሥርዓት ነበር። ከአስቦ ወይም ከጌራ ዘሩን ቆጥሮ ማስመስከር ያልቻለ ሰው፣ በዚያው ደጋ ተወልዶ፣ በዚያው ውርጭ ተመትቶ ቢያድግም፣ ሜዳው ሲዘጋ ይከለከላል፣ ሲከፈትም ድርሻ የለውም። ቤተ ክርስቲያን ጾምን ለታመመ፣ ለሕፃንና ለመሰለው ታቀላለች፤ በፋሲካ ግን ባለጸጋውም ድኻውም ይፈስካሉ፤ በጓሳ ግን ዓመቱን ሁሉ የሚጾሙና መቼም የማይፈስኩ ሰዎች ነበሩ። ከፋሲካው ድርሻ የሌለው ሰው የሚይዘው ጾም ጾም ሳይሆን ረኀብ ነው፤ በዚህም ምክንያት ሥርዓቱ በራሱ ሚዛን ሲመዘን የጎደለ ሆኖ ይገኛል። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ዶናልድ ሌቪን ስለ አማራ ባህል በጻፈው መጽሐፍ በሰፊው የተመለከተው የመንዝ ሰው በርስቱ መኩራት፣ የክብርም የመለያየትም ምንጭ ነበር።

መሬት ላራሹ የሚለው ጥያቄ የተነሣውም ከእንዲህ ያለው በደል ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን የታወጀው አዋጅ አጽመ ርስትን ከሻረው በኋላ የአስቦና የጌራ ዘሮች የተለየ መብት ቀረ፤ አባ ቄራውም ሥልጣኑን ያገኘበት ምንጭ ስለደረቀ ከዘቡ ጋር ቀረ። በዚህ ምክንያት ሜዳው ለሁሉ ክፍት ሆነ፤ ቀድሞ ዓመት ቆጥሮ ይገባ የነበረው ከብት ዓመቱን ሙሉ ገባ፣ አስታው ለማገዶ ተቆረጠ፣ ጠርዙም እየተገፋ ታረሰ። ፍትሕ ፈላጊው ትውልድ ያፈረሰው በደሉን ነበር፤ መታቀቡ ከበደሉ ጋር በአንድ ግንብ ስለተሠራ ግን አብሮ ፈረሰ። የቀረውን ጥያቄ ይበልጥ የሚያሳምመው ሁለቱ መነጣጠል ይችሉ የነበረ መሆኑ ነው፤ ሜዳውን የሚዘጋው የዘር ሐረግ ሳይሆን ስምምነት ነው፤ ስምምነቱም ለሁሉም ነዋሪ ሊሰፋ ይችል ነበር። በኋላ የሆነውም ይኸው ነው፤ በዙሪያው ያሉ ቀበሌዎች ነዋሪዎች የራሳቸውን መተዳደሪያ ደንብ አውጥተው፣ ኮሚቴ መርጠውና ጠባቂ መድበው ሜዳውን መልሰው መዝጋት ጀመሩ፤ የፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበርን የመሳሰሉ ድርጅቶች አገዟቸው፤ የክልሉ መንግሥትም ጓሳን የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ በሕግ ዐወቀው። መብቱ አሁን ከደም ሳይሆን ከነዋሪነት የሚመነጭ በመሆኑ፣ የጥንቱ ቄሮ ያልደረሰበት ፍትሕ ላይ ደርሷል ለማለት ይቻላል።

በአገሪቱ የሚታየው የአገር በቀል ዕፅዋት ፍቅር ግን በአብዛኛው በመትከል የሚገለጽ ነው። በአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደርና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የተቋቋመው የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል ባሕር ዛፍ በወረሰው ተራራ ላይ የአገሩን ዕፅ እየመለሰ የሚያስተምር ታላቅ ሥራ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ሲገለጽ ዓለም ሁሉ ሰምቷል። መትከል በቁጥር ይነገራል፤ ያልታጨደ ሣር፣ ያልተነካ ሥር፣ ያልታረሰ ጠርዝ ግን የሚነገርለት ቁጥር ስለሌለው በሪፖርት ላይ አይወጣም። እንደ ጓሳ ባለ የሣር ደጋ ላይ ደግሞ ያለ ማስተዋል ዛፍ መትከል ራሱ ጥፋት ሊሆን ይችላል፤ ሣሩ ብርሃን ሲያጣ ይጠፋል፣ አይጡም ከሣሩ ጋር፣ ቀበሮውም ከአይጡ ጋር። ስለዚህ አገር በቀልን እወዳለሁ የሚል ሰው የት እንደሚተክል ብቻ ሳይሆን የት እንደማይተክልም ማወቅ ይጠበቅበታል፤ ይህ ሁለተኛው ዕውቀት ከመጀመሪያው ይልቅ ትሕትና ይጠይቃል።

ጥበቃው ከእንግዲህ የሚፈተነው ግን ከዚህ በፊት ባልታሰበ ነገር ነው። በመንዝ ደጋ የቆርቆሮ ጣሪያ የጓሳ ክዳንን እየተካ ነው፤ የፋብሪካ ገመድም የጓሳ ገመድን፣ የላስቲክ ልብስም ገሳን ይተካሉ። ይህ ለቤተሰቡ እፎይታ ነው፤ በየጊዜው ክዳን የማደስ ድካም ይቀራል፤ ስለዚህ ማንም ሰው በሌላው ኑሮ ላይ ሆኖ በሣር ቤት ይኑር ሊል አይችልም። ነገር ግን ጾም የሚፈለግን ነገር መተው ከሆነ፣ ሣሩ በማይፈለግበት ጊዜ አለማጨዱ ከጾም ሊቆጠር አይችልም፤ የጥንቱ ባለ ርስት ለሦስት ዓመት የጠበቀው በአራተኛው ቤቱን ሊከድንበት ነበር፤ የዛሬው ወጣት የሚጠብቀው መክፈቻ ከሌለው መዝጊያውም ትርጉም ያጣበታል። ለግጦሹ ያለው ፍላጎት አልቀነሰም፤ ለእርሻ ያለው ረኀብም እንዲሁ፤ ስለዚህ የሜዳው ጫና ከሣሩ ወደ አፈሩ ይሸጋገራል፤ አፈር ደግሞ አንድ ጊዜ ከታረሰ በሦስትም በአምስትም ዓመት አይመለስም። ከጎብኚ የሚገኘው ገቢና ለጠባቂዎች የሚከፈለው ደመወዝ ክፍተቱን በከፊል ይሞላሉ፤ ሆኖም ደመወዝተኛ ጠባቂ ሜዳውን ከሌሎች ይጠብቃል እንጂ ከራሱ አይጠብቅም፤ ቄሮ የቆመውም ከራስ በመጠበቅ ላይ ነበር። በዙሪያው ያሉ አጥቢያዎች ካህናትና የኮሚቴ ሽማግሌዎች በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው፣ ሜዳው ከእንግዲህ ስለምን እንደሚዘጋና ሲከፈትም ለማን እንደሚከፈት፣ ሣሩን ከማይፈልጉት ልጆቻቸው ጋር ሆነው እንደገና ማወጅ ይኖርባቸዋል።